ከፊሽካው በፊት

ብራምሌት ከተማ ቨርሊን ታኬትን ከልቡ የሚያስታውሳት በዓመት አንዴ ነው፤ በሚያዝያ፣ በሩጫው ሰሞን። የቀረውን ጊዜ የሚያውቃት መንገድ ላይ በሚጥልላት ሰላምታ ብቻ ነው። "ቲቸር፣ እንዴት ነዎት?" "ደህና ነኝ፣ እናትህስ?" "ደህና ናት።" አለቀ። የከተማውን ግማሽ የአሜሪካን ታሪክ ያስተማረችው እሷ ናት። ባንክ ቤት መስኮት ላይ ያለችው፣ ነዳጅ የሚቀዳው፣ ፈጥነው ነድተዋል ብሎ የሚያስቆማት ፖሊስ ሳይቀር ተማሪዎቿ ነበሩ። ታዲያ ተማሪ ምን ያደርጋል? ያድጋል፣ ያገባል፣ ይረሳል። ማታ በሯን የሚያንኳኳ አንድ ሰው የለም።

ባሏ ዱዌን ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ልጅ አልነበራቸውም። ዱዌን በሕይወት ሳለ ማታ ማታ የአየር ሁኔታውን ዜና እያዩ ይጨቃጨቁ ነበር፤ እሱ "ይዘንባል" ሲል እሷ "ወይ ፍንክች!" ትላለች፤ እንዲህ ተጨቃጭቀው ስቀው ይተኛሉ። አሁንም ሰዓቱ ሲደርስ ቴሌቪዥኑን ትከፍታለች። አንዳንዴ "አይዘንብም" ትላለች ለባዶው ወንበር። ከዚያ በራሷ አፍራ ድምፁን ትቀንሰዋለች።

ትምህርት ቤቱ ትንሽ ስለሆነ ከሰባተኛ እስከ አስራ አንደኛ ክፍል ታሪክ የምታስተምረው እሷው ብቻ ናት። ጠዋት ለሰባተኛ ክፍል የኦክላሆማን ታሪክ፣ ቀጥላ ለስምንተኛ ክፍል ነፃነቱንና ሕገ መንግሥቱን፣ ከሰዓት ደግሞ ለትልልቆቹ የጦርነቱን ዓይነት ሁሉ ትነግራለች። ትልልቆቹ ጉንጫቸውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው ያንቀላፋሉ። "ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?" ከሚለው በቀር ጥያቄ አይወጣቸውም። አይመጣም ካለቻቸው ዓይናቸውን መልሰው ይከድናሉ። እሷም ለተከደነ ዓይን ማስተማር ለምዳለች፤ ምን ታድርግ?

ሩጫው ግን ሌላ ነው። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት መንግሥት "ይህ መሬት ትርፍ ነው፣ የቀደመ ይያዘው" ብሎ ሰውን ድንበሩ ላይ አሰለፈና እኩለ ቀን ላይ ምልክት ሰጥቶ ለቀቀው። ሰዉ በፈረስም፣ በጋሪም፣ በእግሩም ሮጦ ባንዲራውን የተከለበት ቦታ ርስቱ ሆነ። ብራምሌትም የተቆረቆረችው እንዲያ ነው፤ ጠዋት ሜዳ፣ ማታ ከተማ። እንግዲህ ያንን ቀን በየዓመቱ የሰባተኛ ክፍል ልጆች ኳስ ሜዳው ላይ ይደግሙታል። ሴቶቹ የጥንቱን ረጅም ቀሚስና አገጭ ስር የሚታሰረውን ቆብ ያጠልቃሉ፤ ወንዶቹ የአያታቸውን ባርኔጣ ይደፋሉ፤ ቀዩን የልጆች ጋሪ በብርድ ልብስና በድስት ሞልተው ከመስመሩ ላይ ይሰለፋሉ። ቨርሊን ፊሽካ ትነፋለች። ይሮጣሉ፣ ይወድቃሉ፣ ባንዲራ ይተክላሉ። ከዚያ እሷ ድምፅ ማጉያዋን ይዛ ከባንዲራ ባንዲራ እየዞረች "ይህ መሬት የማን ነው?" ትላለች። ልጁ የቤተሰቡን ስም ይጮኻል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል።

ደግሞ ያለ ሱነር ሩጫ የለም። ሱነር ማለት ያኔ ምልክቱ ሳይሰጥ በሌሊት ሾልኮ ገብቶ ቁጥቋጦ ስር ያደረ አጭበርባሪ ነው። ከጊዜ ብዛት ማጭበርበሩ ጀግንነት ሆኖ ዛሬ ግዛቱ በሙሉ በስሙ ይኮራል፤ ወይ የሰው ነገር! በየዓመቱ አንድ ሁለት ቀልደኛ ልጆች ከፊሽካው በፊት ሜዳው ውስጥ ገብተው ይደበቃሉ፤ ደረቱ ላይ የቆርቆሮ ኮከብ የለጠፈ ልጅ "ሸሪፍ" ሆኖ እያባረረ ይይዛቸዋል፤ ሕዝቡም በሳቅ ይፈርሳል።

ለዚህ ሁሉ ዝግጅት እናቶቹ በየቅዳሜው ቨርሊን ቤት ተሰብስበው ቀሚስና ቆብ ይሰፋሉ። ያኔ ቤቱ ቤት ይሆናል። ወንበር ይጠፋል፣ መጸዳጃ ቤቱ ወረፋ ይያዝበታል፣ ወለሉ ክርና ብጥስጣሽ ጨርቅ ይሞላል። አለቃቸው ግሌንዳ ሆርን ናት፤ ድምፀ ጎርናና፣ እጀ ሰፊ፣ አፏ የማያርፍ ሴት።

"አንቺ ቨርሊን፣ ይሄ ሻይ ነው ወይስ ሳህን የታጠበበት ውሃ? ስኳሩን ማን ከለከለሽ?"

"የጥርስ ሐኪምሽ።"

"ጥርስማ ድሮ ቀረ! ያሉኝን ሁለቱን ለወሬ ነው ያስቀመጥኳቸው።"

ቨርሊን በእነዚያ ቅዳሜዎች ጎኗን እስኪያማት ትስቃለች። ማታ ሴቶቹ ሲሄዱ ወለሉን አትጠርግም። ጨርቁና ክሩ እስከ ሰኞ እንዲያው ተበትኖ ይቆያል፤ ማየት ደስ ይላታል።

በዚህ ዓመት ታዲያ በጥር ወር አንዲት አዲስ ተማሪ ሰባተኛ ክፍል ገባች። ሸይና ዋኮሊ ትባላለች። እናቷ ለሥራ ሩቅ ስለሄደች ከወንዙ ማዶ ካለው አያቷ ዘንድ ልትኖር መጥታ ነው። አያቷ ኤመት ዋኮሊ ሳክና ፎክስ የሚባለው የነባር አሜሪካውያን ነገድ ሽማግሌ ነው፤ ከተማ የሚወጣው ዕቃ ለመግዛት ብቻ ነው። ልጅቷ ዝምተኛ ናት። በገባች በሳምንቷ፣ በምሳ ሰዓት፣ ቨርሊን ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን ሳንድዊቿን ስትገምጥ በሩ ላይ ቆመች።

"ቲቸር፣ እዚህ መብላት እችላለሁ? እዚያ ጫጫታ ነው።"

"ግቢ። ፍርፋሪውን ግን ለአይጦቹ እንዳታሳያቸው፣ በዘመድ አዝማድ ነው የሚመጡት።"

ልጅቷ ሳቀች። በማግስቱም መጣች፣ በሦስተኛውም ቀን መጣች። ቀስ በቀስ ዝምታዋ ተፈታ። ስትፈታማ አያድርስ ነው! ጥያቄዋ ማብቂያ የለውም። "ቲቸር፣ መሬቱን 'ትርፍ' ያለው ማነው? የማን ትርፍ?" ትላለች። ቨርሊን በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃት ተማሪ የለም። መጽሐፉ ላይ ያለው ሁለት መስመር ነው፤ ለእያንዳንዱ የነገዱ ሰው ቁራሽ መሬት ተሰጠ፣ የቀረው ለሰፋሪ ተከፈተ፣ ነጥብ። ቨርሊን እቤቷ ሄዳ የድሮ መጻሕፍቷን አገላበጠች፤ ማታ የአየር ሁኔታውን ዜና ሳትከፍት አመሸች። በማግስቱ ያገኘችውን ሁሉ ነገረቻት፣ ማን እንደፈረመ፣ ማን አልፈርምም እንዳለ፣ ምን ያህል መሬት በስንት ሳንቲም እንደሄደ። ልጅቷ አፏን ከፍታ ሰማቻት። እንዲህ ያለ ጆሮ ያገኘ አስተማሪ ሌላ ምን ይፈልጋል? ቨርሊን ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ ሁለት ፖም መያዝ ጀመረች።

ከምትነግራት ሁሉ ሸይና ደጋግማ የምታስነግራት አንድ ታሪክ ነበር። እዚያው ግዛት ውስጥ፣ በዋናው ከተማ፣ ጥቁሮችን አናስተናግድም ባለ ምግብ ቤት ጥቁር ልጆች ከታሪክ አስተማሪያቸው ጋር ገብተው ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ተሰደቡ፣ ተተፋባቸው፣ አልተነሱም። ቨርሊን ይህን ስትናገር ሁልጊዜ ዓይኗ እንባ ያቀርራል።

"አስተማሪያቸው አልፈራችም?" አለች ሸይና።

"መፍራትማ ትፈራለች እንጂ! ግን ልጆቹ ተቀምጠው እሷ ልትነሳ ነው?"

"እርስዎስ ቢሆኑ?"

"እኔማ ከመጀመሪያው ወንበር አልጠፋም ነበር" አለች ቨርሊን። አባባሏ ከልብ ነበር፤ ሰው እቤቱ ሆኖ የማይሆነው ጀግና የለም።

ሚያዝያ ደረሰ። ሩጫው ሦስት ቀን ሲቀረው ግሌንዳና ሁለት እናቶች የልጆቹን ቀሚስ ሊለኩ ክፍሉ ድረስ መጡ። ቨርሊን ተንበርክካ፣ መርፌ ቁልፎቹን በከንፈሯ ይዛ የአንዷን ልጅ ቀሚስ ጠርዝ ታጥፋለች። ሸይና አጠገቧ መጥታ ቆመች።

"ቲቸር፣ እኔ የት ነው የምቆመው?"

ቨርሊን ቀና አለች። ጥያቄው የገባት መስሏታል፤ ግማሹ ገብቷታልም። ግን ከኋላዋ ግሌንዳ "ይሄ ቀሚስ የተሰፋው ለልጅ ነው ለላም?" እያለች ሰዉን ታስቃለች። ክፍሉ ሞቅ ብሏል፤ ያን ሙቀት መረበሽ አላሰኛትም። በመርፌ በተሞላ አፏ "የፈለግሽበት ቦታ የኔ ቆንጆ" አለች።

"የፈለግኩበት?"

"አዎ፣ ዋናው አንቺን ደስ ይበልሽ።"

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀችና ሄደች። ቨርሊን ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ነገሩ ትዝ አላት። ነገ አናግራታለሁ አለች። በነጋታው ደግሞ ድምፅ ማጉያው ተበላሸና እሱን ስታሠራ ዋለች፤ በማግስቱ ደግሞ ዳስ ተጣለ። ሲፈልጉት የማይገኝ ምክንያት፣ ሲሸሹ እንደ አሸን ይፈላል።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ሜዳው ዳር እስከ ዳር ሰው ሞላው። አያቶች ታጣፊ ወንበራቸውን ዘረጉ፤ ግሌንዳ በዘይት የተጠበሰውን የፖም ኬክ በትሪ ደርድራ ዝንብና ልጅ ታባርራለች። ሁሉም "ቲቸር! ቲቸር!" ይላል። አንዱ ያቅፋታል፣ አንዷ ሕፃን ታሳቅፋታለች፣ ሌላው "እኔ በሮጥኩ ጊዜ ሱሪዬ ወልቆ ነበር፣ ያስታውሳሉ?" ይላታል። ቨርሊን ሽቅርቅር ብላ፣ በጥንቱ ቀሚስ፣ ፊሽካዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወዲያ ወዲህ ትላለች። በዚያች ሰዓት በዓለም ላይ ከእሷ የበለጠ ዘመድ ያለው ሰው አልነበረም።

ልጆቹ መስመሩ ላይ ተሰልፈው ሳለ አንድ ሰው "ሱነር!" ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ ዞረ። በሜዳው መሐል፣ ከመስመሩ ርቃ፣ ሸይና ዋኮሊ ታጣፊ ወንበር ዘርግታ ተቀምጣለች። ቆብ የለ፣ የጥንት ቀሚስ የለ፤ በየቀኑ ትምህርት ቤት የምትለብሰውን ጂንስና ሰማያዊ ሹራቧን ነው የለበሰችው።

ሳቁ ሜዳውን ሞላው።

"ያዛት፣ ያዛት!"

"ይቺ ደግሞ የባሰባት ናት፣ ወንበር ይዛ ነው የሾለከችው!"

"ሸሪፍ! የታለህ አንተ፣ ኬክ ላይ ተኝተህ ነው?"

ሸሪፉ ብሬይደን የግሌንዳ የልጅ ልጅ ነው። ኮከቡን በአንድ እጁ ይዞ እየሮጠ ሄደ። ሲያናግራት ይታያል፣ ምን እንደሚል ግን አይሰማም። ከዚያ ራሱን እያከከ ወደ ቨርሊን ተመለሰ።

"ቲቸር፣ አልወጣም አለች።"

"እንዴት አልወጣም?"

"ሱነር ስለሆንሽ ተይዘሻል ስላት፣ 'እኔ ቀድሜ አልገባሁም፣ እዚሁ ነበርኩ' አለችኝ። ምን ልበላት?"

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ ነገሩ የገባት ቨርሊን ብቻ ነበረች። ሰዉ አሁንም ይስቃል፤ በሱነር ሲስቅ ያደገ ሰው ሌላ ነገር አይታየውም። ቨርሊን ግን ያቺን ወንበር ከምግብ ቤቱ ታሪክ አወቀቻት። ራሷ ናት ያስተማረቻት።

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ዳሬል ፒትስ ሰዓቱን እያየ መጣ። እሱም የድሮ ተማሪዋ ነው።

"ቲቸር፣ ምን እየጠበቅን ነው?"

"ልጅቷ… ዳሬል፣ ልጅቷ እየቀለደች አይደለም።"

"እና ምን ሆነች?"

"ተቀምጣ ነው።"

"ታዲያ ትቀመጣ! ልጆቹ ዞረዋት ያልፋሉ። ይንፉ እንጂ ቲቸር፣ ሽማግሌዎቹ በፀሐይ አለቁ እኮ።"

ከወዲያ ማዶ ግሌንዳ እጇን አፏ ላይ አድርጋ "ቨርሊን! ኬኩ ቀዘቀዘ! ልትነፊ ነው ወይስ ልታስረጂን?" አለች። ሕዝቡ እንደገና ሳቀ፤ ይኼ ሳቅ ለቨርሊን ነበር፣ የፍቅር ሳቅ። አሁን ፊሽካውን ብታወርድ ምን እንደሚመጣ አሳምራ ታውቃለች። ለምን ይሏታል። ስትነግራቸው ይከፋሉ፤ ልጆቻችን የሠሩት ኃጢአት ምንድን ነው ይላሉ። በሚመጣው ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ማን ይመጣል? ያ ባዶ ቤት፣ ያ ወንበር፣ ያ የአየር ሁኔታ ዜና ታያት። ፈራች። ሞት እንኳ እንዲህ አላስፈራትም።

ሸይና ሕዝቡን አታይም፤ ዓይኗ ቨርሊን ላይ ብቻ ነው። የፈራች አትመስልም። እንዲያውም ከሩቅ ፈገግ ያለች መሰላት።

ቨርሊን ፊሽካውን ነፋች።

ልጆቹ እሪ እያሉ ተለቀቁ። ጋሪ ተገለበጠ፣ ድስት ተንከባለለ፣ ቆብ ወለቀ። የደረሰ ሁሉ ያገኘበት ቦታ ባንዲራውን ተከለ። መሐሉ ጥሩ ሣር ስለነበረው ብዙዎቹ የሮጡት ወደዚያው ነው። አንዱ ወንድ ልጅ ከእግሯ ሥር ሲተክል "ይቅርታ ሸይና" አላት። የአንዷ ጋሪ የወንበሯን እግር ገጭቶ አለፈ። ልጅቷ እጆቿን ጭኖቿ ስር ከታ መሬት መሬቱን አየች። ትንሽ ቆይቶ ዙሪያዋን ባንዲራ ብቻ ሆነ።

ቨርሊን ድምፅ ማጉያዋን አንስታ መዞር ጀመረች። "ይህ መሬት የማን ነው?" "የሆርን ቤተሰብ!" ጭብጨባ። "ይህ መሬት የማን ነው?" "የፒትስ!" ጭብጨባ፣ ፉጨት። ድምፅዋ በየመሐሉ ይሰበራል፤ ሰዉ በደስታ መስሎታል። ወንበሯ ጋ ደረሰች። ግሌንዳ ከዳር ሆና በእጇ እለፊያት፣ እለፊያት ትላለች። ማለፍ ትችል ነበር። ግን አንዴ ያጠፋ ሰው ጥፋቱን በርካሽ ሊጠግን ያምረዋል፤ ቨርሊንም ማጉያውን ወደ ልጅቷ አዞረችው።

"ይህ መሬት… የማን ነው?"

ሸይና አንድ ስም ጠራች። ስሙ በሕዝቧ ቋንቋ ስለሆነ ቨርሊን ልትደግመው እንኳ አትችልም።

"የአያቴ አያት ናት" አለች ልጅቷ። "ቤቷ እዚህ ነበር። ትርፍ ነው ሲሉ አልሰማችም፤ እንግሊዝኛ አታውቅም ነበር።"

ከሰዉ መሐል አንድ ሕፃን ተነጫነጨ፤ እናቱ እሽሽ አለችው። ቨርሊን ማጉያውን በብብቷ ይዛ አጨበጨበች። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም ይላሉ፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ሁለት እጅም ብቻውን ሲሆን ያው ነው። ማንም አልተከተላትም። ጭብጨባዋን የት ላይ ማቆም እንዳለባት ጠፍቷት ትንሽ ቀጠለች፣ ከዚያ እጇን አወረደች።

ሸይና ተነስታ ወንበሯን አጠፈች።

"ጨረስን ቲቸር? መሄድ እችላለሁ?"

"ሸይናዬ…"

"መሄድ እችላለሁ?"

"ትችያለሽ።"

ልጅቷ አንዱንም ባንዲራ ሳትረግጥ እየተጠነቀቀች በመሐላቸው አልፋ ወጣች።

ማታ በሜቶዲስቶች ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ እንደ ወትሮው እራት ነበር፤ ሁሉም ከቤቱ አብስሎ የሚያመጣበት እራት። ቨርሊን የተመሰከረለትን ዶሮ በሩዝ፣ ላዩ በአይብ የተጋገረውን፣ በመስታወት ትሪ ይዛ ሄደች። ብራምሌት ውስጥ ሰው ቢቀየምሽ ክፉ ቃል አይናገርሽም፤ ምግብሽን አይነካም። ሰዉ ሳህኑን ይዞ በጠረጴዛው ዳር ሲያልፍ ከግራዋም ከቀኝዋም ይጨልፋል፤ የእሷ ትሪ ላይ ሲደርስ ማንኪያው ይዘላል። ባቄላው አለቀ፣ የድንቹ ሰላጣ አለቀ፣ ማንም የማይወደው የግሌንዳ አማች ጎመን እንኳ አለቀ።

ግሌንዳ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ከእሷ በቀር የደፈረ የለም።

"ለማን ነው ያጨበጨብሽው አንቺ?"

"ለልጅቷ።"

"በልጆቻችን ቀን? ብሬይደን ቤት ገብቶ ምን አለኝ መሰለሽ? 'እማማ፣ እኛ ሌቦች ነን?' አለኝ። የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ!"

"ሌባ ያለው ማንም የለም፣ ግሌንዳ።"

"ጭብጨባሽ ብሎናል እኮ! ካላመንሽበት ባትነፊው፤ ከነፋሽው ደግሞ አርፈሽ ብትቀመጪ ምን ነበረበት? እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም እቴ።"

ግሌንዳ ክፉ ሴት አይደለችም። እውነቷንም ነበር፤ ቨርሊንን ያቃጠላትም ያ ነው። ቀና ብላ አዳራሹን ስታይ አንድም ሰው ወደ እሷ አያይም። ሙሉውን ትሪ አቅፋ ወደ ቤቷ ሄደች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይባል እንኳ፣ እሷ ሁለቱንም ነበር የጣለችው።

እሑድ ከሰዓት መኪናዋን አስነስታ ወንዙን ተሻገረች። ሌሊቱን ስትገላበጥ ያደረች ሴት ናት። ለሸይና የምትላትን በመንገድ ላይ ጮክ ብላ ስትለማመድ ሄደች፤ "ተሳስቻለሁ"፣ "ፈርቼ ነው"፣ "አንቺ ከእኔ በለጥሽ"። ስትደርስ ኤመት ዋኮሊ ከቤቱ ፊት ለፊት የአሮጌ መኪናውን ጎማ ይቀይራል። ቀና ብሎ አያትና ብሎኑን መፍታቱን ቀጠለ።

"ጋሽ ኤመት፣ እንደምን ዋሉ።"

"ደህና።"

"ሸይናን ላናግራት ነበር። ይቅርታ ልጠይቃት ነው የመጣሁት።"

"የመኪናሽን ድምፅ ሰምታለች" አለ ሽማግሌው። "መውጣት ብትፈልግ ትወጣ ነበር።"

ቨርሊን መስኮቱን አየች። መጋረጃው አልተነቃነቀም። እዚያ ቆማ፣ ሰው ሲጨንቀው እንደሚያደርገው ሸክሙን የምትጥልበት ትከሻ ፈለገች።

"እርስዎስ ጋሽ ኤመት፣ ምነው አብረዋት ቢመጡ? ያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ልጅ አይደለች እንዴ? ብቻዋን እንዴት ይለቋታል?"

ኤመት የጎማ መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። እጁን በጨርቅ ጠረገ። አልተቆጣም፤ ድምፁንም ከፍ አላደረገም።

"ልሂድ ብያት ነበር። ልብሴንም ለብሼ ነበር። 'አባባ፣ አንተ እቤት ሁን' አለችኝ። 'ብቻዬን አይደለሁም፣ ቲቸር አለች። እዚያ ተቀምጬ ስታየኝ አትነፋውም' አለችኝ።"

ከዚያ መፍቻውን አንስቶ ወደ ጎማው ተመለሰ።

ሽማግሌው ሥራውን ጨርሶ ዕቃውን ሰብስቦ እስኪገባ ድረስ ቨርሊን እዚያው ቆመች፤ እሱም ሂጂ አላላትም፣ ግቢም አላላትም። መኪናዋ ውስጥ ገብታ መሪውን ይዛ አለቀሰች። ነገ ሰኞ ነው፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሰባተኛ ክፍል ነው።